የቢቢሲው የድሮ ናርኒያ፦ ደሴ ላይ ለልጆች ሲታይ ምኑ ይሠራል፣ ምኑ ያስቃል

አንበሳው አሻንጉሊት ነው። ቢቨሮቹ (ወንዝ ዳር የሚኖሩ ጅራተ ጠፍጣፋ እንስሳት) ፀጉራም ልብስ ያጠለቁ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ከጠንቋይዋ ጭፍሮች አንዳንዶቹ በእጅ የተሳሉ ካርቱን ሆነው ከእውነተኛ ተዋናዮች ጋር አንድ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ። የቢቢሲን ናርኒያ፣ ከሲ. ኤስ. ሉዊስ የልጆች ተረት መጻሕፍት የተሠራውን የድሮ የቴሌቪዥን ተከታታይ፣ ዛሬ የከፈተ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ በኮምፒውተር የተሠራ አንበሳ አይቶ ያደገ ልጅ ደግሞ ሳቁን አይደብቅም። ተከታታዩ አቅሙ የማይችለውን ለማሳየት በሞከረ ቁጥር ይወድቃል። ተዋናይ፣ ድምፅና አንዲት ክፍል ይዞ በተቀመጠበት ግን ዛሬም ልጅን ከወንበሩ አያስነሳም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ለሰፈር ልጆች ወይም ለትምህርት ቤት ክበብ ልታሳዩት ካሰባችሁ፣ የትኛው ትዕይንት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ያዋጣል።

መጻሕፍቱ ሰባት ናቸው። ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 በየዓመቱ አንድ አንድ እያለ አሳተማቸው። ቢቢሲ ለቴሌቪዥን የሠራው የመጀመሪያዎቹን አራቱን ብቻ ነው። "አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ" በ6 ክፍል በ1988 ወጣ። በ1989 "ልዑል ካስፒያን" በ2 ክፍል፣ "የዶውን ትሬደር ጉዞ" በ4 ክፍል ተከተሉ። "የብር ወንበር" በ6 ክፍል በ1990 መጣ። በድምሩ 18 ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈው እሑድ ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር ነው። ሦስቱም ዓመት ኅዳር ላይ ጀምሮ በፈረንጆች ገና ዋዜማ ሰሞን እንዲያልቅ ተደርጎ የታቀደ የእሑድ ዝግጅት ነበር። ያኔ እዚህ የነበረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ብቻ ነውና የወሎ ልጅ ለዚህ ተከታታይ አልታደለም፤ ለእኛ አገር ተመልካች "ድሮ ያየሁት" የሚባል ሳይሆን አዲስ ነገር ነው።

ፕሮዲውሰሩ ፖል ስቶን፣ መጽሐፉን ወደ ድራማ የገለበጠው አለን ሲሞር፣ ሙዚቃውን የደረሰው ጄፍሪ በርገን ነው። የመጀመሪያውን ማሪሊን ፎክስ አዘጋጀች፤ የቀሩትን አሌክስ ከርቢ። ሲሞር ለመጽሐፉ ታማኝ ነው፤ አንዳንዴም ከልክ በላይ። ቃለ ምልልሱን ከገጹ ላይ እንዳለ ያነሳዋል፤ ለዚህም ነው ልጆቹ ተዋናዮች አልፎ አልፎ በቃል የተጠና ትምህርት የሚያነበንቡ የሚመስሉት።

ጉድለቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ተከታታዩ የተቀረጸው በቪዲዮ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ወይም 25 ሙሉ ምስል ይይዛል። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቪዲዮ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ይይዛል፤ አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጣዩ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን። እንቅስቃሴው ስለዚህ እንደ ዜና ወይም እንደ ስታዲየም ጨዋታ ይለሰልሳል፤ ተረት ተረት አይሸትም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የስቱዲዮ ድራማ ያደጉ ወላጆች ይህ መልክ ቶሎ ይዋሃዳቸዋል። የዛሬ ልጆች ግን "ይሄ ለምን ዜና ዜና ይላል?" ማለታቸው አይቀርም፤ መልሱን ይዛችሁ ጠብቁ።

ቪዲዮ ሌላም ችግር አለው። በጣም ብሩህና በጣም ጨለማ የሆነን ነገር ባንድ ላይ መያዝ አይችልም። የበረዶው ትዕይንት የተቀረጸው ስኮትላንድ ውስጥ አቪሞር በሚባል አካባቢ፣ እውነተኛ በረዶ ላይ ነው። ካሜራው ለበረዶው ሲስተካከል የሰዎቹ ፊት ይጠቁራል፤ ለፊት ሲስተካከል በረዶው ቅርጹ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ሁለቱንም ታያላችሁ፤ የማሳያችሁ ጥፋት እንዳይመስላችሁ። የውጭው ትዕይንት ያም ሆኖ ከስቱዲዮው ይሻላል። ዌልስ ያለው የማኖርቢር ግንብ ሲመጣ ድንጋዩ ድንጋይ ነው፤ ነፋሱም ነፋስ። ካርቶን ግድግዳ ያለበት ስቱዲዮ ውስጥ ሲገቡ ያ ክብደት ወዲያው ይጠፋል።

የበረራ ትዕይንቶቹን ደግሞ ቀለሙ አጋልጧቸዋል። አሠራሩ የታወቀ ነው፦ ተዋናዩ አንድ ወጥ ቀለም ባለው መጋረጃ ፊት ይቀረጻል፣ መጋረጃው ተቆርጦ ይወጣል፣ በምትኩ ሰማይ ይገባል። በፓል ሥርዓት፣ ማለትም በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የቀለም ቴሌቪዥን ስልት፣ ግን የቀለም መረጃው ከብርሃኑ መረጃ ሩቡን ያህል ብቻ ነው የሚዘረዝረው። በቀጭን እርሳስ የተሳለን ሥዕል በወፍራም ብሩሽ እንደ መቀባት ነው። መቁረጫው የሚመራው በቀለም ስለሆነ ፀጉር፣ የልብስ ጫፍ፣ የአንበሳው ጎፈር ዙሪያ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ የመጋረጃው ቀለምም ጠርዙ ላይ ይቀራል። የ1988 መሣሪያ ከዚህ በላይ አይሄድም ነበር፤ ሰነፍ ሠራተኛ አይደለም ያበላሸው።

በእጅ የተሳሉት ጭራቆች ግን ይቅርታ የላቸውም። ችግሩ ሥዕሉ ማስቀየሙ አይደለም፤ ለብቻው ቢታይ ጥሩ ሥዕል ነው። የተሳለው ፍጡር መሬት ላይ ጥላ አይጥልም፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አያውቅም፣ ቀለሙም ከዙሪያው ካለው ሻካራ ቪዲዮ ይልቅ ጥርት ያለ ነው። ዓይን ይህን ሁሉ በአንዴ ይይዘዋል። ተዋናዩም ሰይፉን የሚሰነዝረው ቀረጻው ላይ ወዳልነበረ ነገር ነውና እይታው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ትልቁ ጦርነት ላይ ልጆች የሚስቁት በዚህ ነው። ያ ጦርነት በጩኸትና በድምፅ ብቻ ከኮረብታ ጀርባ ቢታለፍ ኖሮ ይሻል ነበር።

ሉዊስ ራሱ ይህን ፈርቶት ነበር። በ1959 ለቢቢሲ ሬዲዮ ሰው ለላንስ ሲቭኪንግ በጻፈው ደብዳቤ ለሬዲዮ ድራማ ችግር እንደሌለበት፣ የሚናገሩት እንስሳት በሰው ተጫውተው በቴሌቪዥን እንዲታዩ ግን ፈጽሞ እንደማይፈቅድ ገልጿል፤ ወደ ፌዝ ይለወጣል ብሎ። ለካርቱን ግን ልቡ ትንሽ ክፍት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ የእንግሊዝ ንግድ ቴሌቪዥን የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ1967 በ10 ክፍል ሠራው፤ ከዚያ ዛሬ የተረፉት 2 ክፍሎች ብቻ ናቸው። በ1979 ካርቱን ወጣ። የቢቢሲው ሦስተኛው የስክሪን ሙከራ መሆኑ ነው። ቢቨሮቹን ስናይ ሉዊስ እውነቱን ነበር እንላለን። ጥርሱ ተጣብቆ የማይንቀሳቀስ፣ ጅራቱን እየጎተተ የሚሄድ፣ ቁመቱ ከልጆቹ የሚበልጥ ቢቨር ቁም ነገር ሲናገር ለመስማት ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋርዊክ ዴቪስ የተጫወተው አይጥ ሪፒቺፕ ተመሳሳይ ልብስ ለብሶም ያሳምናል። ሰውየው አጭር ነውና መጠኑ ልክ ነው፤ ስለ ክብሩ የሚቆጣውም በሰይፉ እጅ፣ በትከሻውና በአንገቱ ነው። ፊቱን የሸፈኑት ተዋናይ ገላውን ማዘዝ ካልቻለ ልብሱ ብቻውን አይሠራም።

አንበሳው አስላን መሀል ላይ ያለ ጉዳይ ነው። አሻንጉሊቱን ከውስጥ ሆነው ያንቀሳቀሱት ሁለት ሰዎች፣ አይልሳ በርክና ዊሊያም ቶድ-ጆንስ ናቸው፤ ድምፁ የሮናልድ ፒካፕ ነው። ሁለት ሰው ባለ አራት እግር እንስሳ ውስጥ ሲገባ ደካማው ነገር አካሄዱ ነው። የሰው ጉልበት የሚታጠፈው ወደ ፊት ነው፤ የአንበሳ የኋላ እግር ግን ሲታይ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ይመስላል፤ ስለዚህ የኋለኛው ሰው ይጎብጣል፣ ጀርባው ይጎደጉዳል፣ እርምጃው ያጥራል። አዘጋጆቹ ይህን አውቀዋል፤ ብዙውን ጊዜ አስላን ቆሞ ወይም ተኝቶ ነው የሚናገረው፣ ካሜራውም ፊቱ ላይ ይቀርባል። እዚያ ቅርበት ላይ ይሠራል። ፒካፕ አይጮህም፣ አያገሳም፤ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ በቃላት መሀል ዝም ይላል። ጥቁር ጎፈር ያለውን የኛን አንበሳ በሥዕልም በሐውልትም ሲያይ ያደገ ልጅ "ይሄማ አንበሳ አይደለም" ብሎ ይጀምራል። ድምፁን ካልሸፈናችሁት፣ ማለትም በአማርኛ የሚተርከው ሰው ካልደረበበት፣ ሁለተኛው ንግግር ላይ ዝም ይላል።

ባርባራ ኬለርማን ነጭ ጠንቋይዋን ስትጫወት ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እየጮኸች ነው። መቆጠብ የነበረባትን ቁጣ መጀመሪያ ላይ አውጥታ ስለጨረሰችው፣ ወደ መጨረሻው የምትጨምረው አጣች። ግን አንድ ነገር እንመስክርላት፦ ከልጆቹ ጋር በበረዶ ሠረገላ ላይ ስታወራ፣ ከአራቱ ልጆች አንዱን ኤድመንድን በጣፋጭ ስታባብል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ ከጩኸቷ ይልቅ ታስፈራለች። ቢቢሲ ወዶ "በብር ወንበር" የሌላዋን ጠንቋይ፣ የአረንጓዴ ቀሚሷን እመቤት፣ ሚና ደግሞ ሰጣት። እዚያ ተሻሽላለች።

እንግዲህ ሁሉን ትቶ አንድ ትዕይንት ብቻ የሚያይ ሰው ካለ፣ "የብር ወንበር" ወደ መጨረሻው ላይ ያለውን የምድር ውስጡን ክፍል ይይ። አምስት ሰዎች አሉ፦ ልጆቹ ጂልና ዩስታስ፣ ልዑል ሪሊያን፣ ረግረግ ነዋሪው ፓድልግለምና እመቤቲቱ። እሳት ይነዳል። እመቤቲቱ እሳቱ ላይ ዱቄት ትበትናለች፣ በክር የሚመታ መሣሪያ ትዳብሳለች፣ በለሰለሰ ድምፅ ፀሐይ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሰማይ እንደሌለ፣ አስላን እንደሌለ ታስረዳቸዋለች። ልጆቹ አንድ በአንድ ይስማማሉ፤ ዓይናቸው ይከብዳል፣ ቃላቸው ይረዝማል። ከዚያ ፓድልግለም ይነሣል፣ ወደ እሳቱ ይሄዳል፣ በእግሩ ይረግጠዋል። ሕመሙ ያነቃዋል፤ ጢሱ የተቃጠለ እግር ሲሸት አስማቱ ይሰበራል። ቀጥሎ የሚናገረው ንግግር ፍሬው ይህ ነው፦ ያሰብነው ዓለም ሁሉ ልብ ወለድ ቢሆን እንኳ ካንቺ ዓለም ይበልጣል፤ እኔ ከእሱ ወገን ነኝ።

ፓድልግለምን የተጫወተው ቶም ቤከር ነው፤ ከ1974 እስከ 1981 በቢቢሲው የሳይንስ ተረት "ዶክተር ሁ" ዶክተሩን ሆኖ የታወቀው ሰው። እዚህ ሜካፑ ቀላል ነው፣ ባርኔጣው ረጅም፣ ፊቱ እርጥብ ጭቃ የነካው የሚመስል። ሁልጊዜ ክፉ ነገር የሚጠብቅ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ሌላ ተዋናይ ቢሆን ለሳቅ ይሠራበት ነበር። ቤከር ግን ትንቢቱን የሚናገረው እንደ ደግ ዜና፣ በጨዋነት ነው፤ ስለዚህ እሳቱን ሲረግጥ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አትጠይቁም። ልዩ ውጤት የሚባል ነገር የለም፤ አንድ እሳት፣ አንድ ዱቄት፣ አንድ እግር። ከደቂቃ በኋላ እመቤቲቱ እባብ ስትሆን ብልሃቱ እንደገና ይወላግዳል፤ ልጆቹ ግን ያኔ አያፌዙም፣ ተነጥቀዋልና። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ የያዙት ከዚህ ያነሰ ነበር። ወንበርና ድምፅ ይዘው ስንቱን ትውልድ አስቀመጡት።

"ልዑል ካስፒያን" በ2 ክፍል ብቻ ስለታጨቀ ሰው ሳይተዋወቅ ጦርነቱ ደረሰ። "የዶውን ትሬደር ጉዞ" መርከብ በየደሴቱ ማቆም ስለሆነ ለቴሌቪዥን ክፍል ይመቻል፤ ሳሙኤል ዌስት ያደገውን ካስፒያን ሆኖ፣ ዴቪድ ትዌይትስ አስቸጋሪውን ዩስታስን ሆኖ ይዘውታል። ዩስታስ ዘንዶ የሚሆንበት ትዕይንት ላይ የዘንዶው አሻንጉሊት አንሶ ሳለ ልጁ ድምፁ ውስጥ ያለው ማልቀስ ይሸፍነዋል።

2005 ላይ የመጣው የሆሊውድ ፊልም 180 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። አንበሳው አንበሳ ነው፣ ጦርነቱ ጦርነት ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ያየ ልጅ ስለ ጦርነቱ ከፊልሙ፣ ስለ ጣፋጩና ስለ ጠንቋይዋ ከተከታታዩ ቢነግራችሁ አትገረሙ።

አሁን ወደ ማሳየቱ። መጀመሪያ ፋይሉ። የእንግሊዝ ዲቪዲ በፓል ሥርዓት፣ 720 በ576 ነው፤ ይህ ከእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋር አንድ ስለሆነ የጎደለ ነገር የለውም። የአሜሪካው ዕትም ወደ 30 ምስል ተለውጧል፤ ለውጡ ግማሽ ምስሎችን እያደባለቀ ስለሠራው በሚንቀሳቀስ እጅ ላይ ጥላ እጅ ይታያል፣ ያ ደግሞ በምንም ማጣሪያ አይወጣም። ዲስኩን በማጫወቻ የምታዩ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ፦ እንግሊዝ ቀጣና 2፣ አሜሪካ ቀጣና 1፣ ኢትዮጵያ ቀጣና 5 ናት። ቀጣና የሚቆልፍ ማጫወቻ ሁለቱንም ዲስክ ይመልሳል። በፍላሽ የሚገለበጠው ፋይል ብዙ ጊዜ የተጨመቀና ከስልክ የማይሰፋ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ስትከፍቱት ፊት ሁሉ ካሬ ካሬ ይሆናል።

ፋይሉን ቪኤልሲ በሚባለው ነጻ ማጫወቻ ላይ ክፈቱና የሚንቀሳቀስ እጅ ያለበት ቦታ ላይ አቁሙ። ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተሰነጠቀ መስመሮቹ አልተጣመሩም ማለት ነው። በቪኤልሲ የዲ ፊደልን መጫን ለጊዜው ያስተካክላል። ለቋሚ መፍትሔ ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ማጣሪያዎች ውስጥ ገብታችሁ መስመር የሚያጣምሩትን ያዲፍን ወይም ቢደብልዩዲፍን "ቦብ" በሚለው ምርጫ አብሩ፤ የሚወጣው ፋይል በሰከንድ 50 ምስል እንዳለው አረጋግጡ። 25 ከሆነ ግማሹ እንቅስቃሴ ተጥሏል፤ ሩጫ ሁሉ ይንተፋተፋል። ምስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ ከተንቀጠቀጠ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ተገልብጧል፤ ቅደም ተከተሉን ቀይራችሁ እንደገና አውጡት።

ምስሉ 4 ለ3 ነው። የዛሬ ቴሌቪዥኖች ወደ ጎን ይለጥጡታል፤ ሁሉም ሰው ይወፍራል። በቴሌቪዥኑ የስክሪን ምርጫ 4 ለ3 አድርጉት፤ ቪኤልሲ ላይ ከሆነ ኤ ፊደልን እየተጫናችሁ መጠኑን ታዞራላችሁ። ጎንና ጎን ላይ ጥቁር ቢቀር ይቅር፤ ያንን ለመሙላት ካጎላችሁት ከላይ የፓድልግለም ባርኔጣ ከታች እግሩ ይቆረጣል። በፕሮጀክተር ከሆነም አታስፉት። ስፋቱን 1 ሜትር ከ60፣ ቁመቱን 1 ሜትር ከ20 አድርጉት፤ የፊተኛው ረድፍ ከ4 ሜትር በታች አይቅረብ። ከዚያ በላይ ስታሰፉ 576ቱ መስመሮች ለየብቻ ይታያሉ።

ፕሮጀክተሩ ላይ የደሴ ነገር አለ። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ "ከፍታ ቦታ" የሚል ምርጫ እንዲበራ ያዛሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁል ወርዳችሁም ከ1,800 በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በተለመደው ፍጥነት መብራቱን አያቀዘቅዘውም፤ ሳይበራ ከቀረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራቱ ራሱን ያጠፋል። ምርጫው ሲበራ ማራገቢያው ይጮሃል፤ ስለዚህ ድምፅ ማጉያውን ከፕሮጀክተሩ ራቅ አድርጉ፣ ስክሪኑ አጠገብ ይቀመጥ።

መብራት ይጠፋል፤ አስቡበት። አንድ የኤልኢዲ ፕሮጀክተር 100 ዋት፣ ላፕቶፕ 50፣ ድምፅ ማጉያ 30 ቢወስዱ 180 ዋት ነው። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ያለው የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ ኢንቨርተሩ ከዚያ ላይ 15 በመቶ ያህል ይበላል፤ ይቀራል ወደ 510። ወደ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው፤ ለሁለት ክፍልና ለዕረፍት በቂ ነው። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ከሆነ ብቻውን 250 ዋት ይበላል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋም ማራገቢያው አብሮ ስለሚቆም የጋለው አምፖል ዕድሜው ያጥራል። ያንን አታምጡ፤ ከመጣም ከባትሪው ጋር አያይዙት።

በሐምሌና በነሐሴ አታሳዩ። ደሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ፒካፕም ቢሆን አይሰማም። ጥቅምትና ኅዳር ይሻላል። ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጀምሩ፤ የአርብ ጁምዓም የእሑድ ቅዳሴም አይነካም። ረመዳን ከገባ የመጨረሻው ክፍል ከማፍጠሪያ ቀድሞ እንዲያልቅ አስሉ።

ቋንቋው ትልቁ ሥራ ነው። ልጆቹ እንግሊዝኛውን አይከታተሉም፤ ከ9 ዓመት በታች ያሉት የግርጌ ጽሑፍ ለማንበብም ይዘገያሉ። ለትልልቆቹ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሰብታይትል ኤዲት የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 አስቀምጡ፤ ካልሆነ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ግዕዝ ፊደል የላቸውምና በፍላሽ ስትሰኩት ባዶ ሳጥን ያሳዩአችኋል። መድኃኒቱ ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ነው፤ ፋይሉን ኤኤስኤስ ወደሚባለው የግርጌ ጽሑፍ ዓይነት ለውጡ፣ ፊደሉን ናይላ ወይም ኤብሪማ አድርጉ፣ ሃንድብሬክ ላይ "አቃጥል" የሚለውን ምርጫ ምልክት አድርጉ። ከሁለት መስመር አትበልጡ፣ በመስመር ከ28 ፊደል፣ በሰከንድ ከ10 ፊደል አታሳልፉ። ነጭ ጽሑፍ በነጭ በረዶ ላይ ይጠፋል፤ ጥቁር ጠርዝ ስጡት።

ለትንንሾቹ ግን በአካል የሚተርክ ሰው የግድ ነው። የቪዲዮ ቤቶች ትርጉም ያሳደገው ሕዝብ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ተራኪው ክፍሉን ቀድሞ ሁለት ጊዜ ይይ፤ በየትዕይንቱ ማን ምን እንደሚፈልግ አንድ አንድ መስመር ይጻፍ። ቃል በቃል አይከተል፤ ተዋናዩ ጨርሶ ካሜራው ሲቀየር ያለችው ባዶ ሁለት ሰከንድ የሱ ናት። አስላን ሲናገር ዝም ይበል፤ ካለቀ በኋላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ቶም ቤከርም እንደዚያው። የቢቨሮቹን ወግ ግን እንደፈለገ ያሳምረው፣ የሚጠፋ ነገር የለም።

ከመጀመሩ በፊት ለልጆቹ ሦስት ነገር ይነገር። አንደኛ፣ አራቱ ልጆች ከታላቅ እስከ ታናሽ፦ ፒተር፣ ሱዛን፣ ኤድመንድ፣ ሉሲ፤ በትልቅ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ካልሆነ ማን ማን እንደሆነ ሳይለዩ ክፍሉ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ከለንደን ወደ ገጠር የመጡት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከቦምብ ሸሽተው ነው። ሦስተኛ፣ እንግሊዝ ውስጥ ጣፋጭ ከ1942 እስከ 1953 በራሽን ነበር፤ መጽሐፉ ሲወጣ ልጅ ሁሉ ከረሜላ በቁጥር ነበር የሚያገኘው። ይህን ያልሰማ ልጅ ኤድመንድ ወንድምና እህቶቹን ለአንድ ሳጥን ጣፋጭ ሲሸጥ ጨካኝ ብቻ ይመስለዋል፤ የሰማ ግን ትንሽ ያዝንለታል፣ ታሪኩም የሚፈልገው ያንኑ ነው።

አስላን በድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ የሚገደልበት ትዕይንት ለ6 እና 7 ዓመት ልጆች ይከብዳል። ታስሮ፣ ጎፈሩ ተላጭቶ፣ ጭፍሮቹ እየጮኹ ነው፤ እዚያ ጋ ክፍሉ ካለቀ ልጆቹን ወደ ቤት አትላኩ፣ ቀጣዩን ክፍል ወዲያው ክፈቱ። ሉዊስ ክርስቲያን ጸሐፊ ነበር፤ የትንሣኤው ነገር አንባቢ ያውቀዋል። ደሴ ላይ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ልጆች ግማሹ ከመስጊድ፣ ግማሹ ከቤተ ክርስቲያን ሰፈር ናቸው። ተራኪው ሰባኪ አይሁን፤ አንበሳው በሌላ ሰው ፈንታ ሞቶ ተነሣ ብሎ ይተው፤ ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ይጠይቃሉ፣ ወላጆቻቸውም እንደ ሃይማኖታቸው ይመልሳሉ። "ጠንቋይ" የሚለው ቃል የሚያስደነግጠው ወላጅ ካለ ቀድማችሁ ጋብዙትና አብሯችሁ ይይ።

አንዳንዱ ዕትም ስድስቱን ክፍል አያይዞ ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋ አንድ ፊልም አድርጎታል። እሱን ካገኛችሁ ቆርጣችሁ አሳዩ፤ የተጻፈው በየሳምንቱ እንዲጠበቅ ነው፣ በአንድ ቁጭታ ሲታይ የሲሞር ዝግታ ይታክታል። በሳምንት ሁለት ክፍል ቢሆን 18ቱ በ9 ቅዳሜ ያልቃሉ። "ካስፒያን"ን ሁለቱንም በአንድ ቀን አሳዩት፤ ቢሰለቹ እንኳ ቀጣዩ ቅዳሜ መርከቡ ይመጣል። ጊዜ ካጠራችሁና አንዱን መጽሐፍ ብቻ ማሳየት ካለባችሁ፣ ሁሉም ሰው በሚያውቀው ቁም ሣጥን አትጀምሩ። "የብር ወንበር"ን ምረጡ፤ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፣ ዩስታስ ማን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር መንገር ይበቃል።